አራሷ የዘጋችው ኮሪደር

በብሎክ ሠላሳ አንድ ምድር ቤት ደወሉ ጠዋትም ማታም ሁለት ሁለት ጊዜ ይደወላል። የመጀመሪያው ሲደወል ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሁለተኛው ሲደወል በሮቹ ራሳቸውን ይቆልፋሉ። ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ የእንስሳቱ ነው። ከላይኛው ጫካ የወረዱት በአንደኛው ጫፍ ገብተው በሌላው ጫፍ ወደ ቀበና ወንዝ ይወጣሉ። መጀመሪያ ድኩላዎቹ፣ ቀጥሎ ከርከሮዎቹ፣ አንዳንዴም ከሁሉም ኋላ አንድ ጃርት፣ እንዳረፈደ ተማሪ እየተጣደፈ። የመጨረሻው እግር ሲወጣ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ሰውም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ላይኛው ፎቅ ያሉት በውጭ ደረጃ ስለሚወጡና ስለሚወርዱ አይነካቸውም። ነገሩ ከተጀመረ ዓመታት ስላለፉት የሚገረምበት የለም። ወለሉ አፈር ለብሷል፤ በአፈሩ ላይ ሣር በቅሏል፤ ሣሩን የሚያጭደው የለም።

ናሆም የሚኖረው እዚህ ምድር ቤት ነው። ሰባ አልፎታል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ሲገፋ ኖሯል፤ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ቀዶ ጥገና፣ ከቀዶ ጥገና ወደ መኝታ ክፍል፣ አንዳንዴም ሰው ስሙን መጥራት ወደማይወደው ወደዚያ ወደ ታችኛው ክፍል። ልጅ ሳለ ኮሪደር ማለት አስተማሪ ከክፍል ያስወጣው ተማሪ ተንበርክኮ የሚቆይበት ቦታ ነበር። ጎረምሳ ሲሆን ቃሉ ከቤት ወጥቶ መንገድ ሆነ፤ ዘንባባና መብራት የተተከለበት፣ እሑድ እሑድ ሰው ለባብሶ ፎቶ የሚነሣበት። አያቱ ቃሉን በሰሙ ቁጥር «አሁንስ በማን ሰፈር ነው የሚያልፈው?» ይሉ ነበር። ካደገ በኋላ ኮሪደር እንጀራው ሆነ። ሲያረጅ ደግሞ የድኩላ ሆነ። ናሆም በአንዱም አልተከራከረም።

ፊት ለፊቱ ያለው በር የወይዘሮ ሶሊያና ነው። ሶሊያና ጡረታ የወጣችው ከአውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ መብራቱ የደበዘዘ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ አብራሪዎች በየትኛው የአየር ኮሪደር እንደሚሄዱ ስትነግር ኖራለች። ድምፅዋ ከዚያ ሥራ የተረፈ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይንዛዛም። ባሏ ያረፈው እዚህ ብሎክ ከመግባቷ በፊት ነው። የናሆም ሚስት ማርታ ግን እዚሁ፣ አሁን እሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ነው ያረፈችው።

በየበሩ ላይ በወንፊት ሽቦ የተከለለች ትንሽ መስኮት አለች፤ ነዋሪው የእንስሳቱን ማለፍ እንዲያይባት የተተወች። ሁለቱ ሰዎች የሚያወጉት በእሷ ነው። ሁለተኛው ደወል ሲደወል እሱም እሷም መስኮታቸው ላይ ይቆማሉ። በመካከላቸው ቀንድና ጆሮ ያልፋል።

«ያቺ ጆሮዋ የተተለተለው ዛሬም አልመጣችም» ይላል ናሆም በሹክሹክታ።

«ትናንት ማታ አልፋለች። እርስዎ ዜና ሲያዳምጡ።»

«ዜና እንደማዳምጥ በምን አወቁ?»

«ራዲዮዎ ብሎኩን ሁሉ ያሰማል እኮ፣ አቶ ናሆም።»

አንድ ጠዋት ስለ ሥራቸው ተነሣ። «የእኔ ኮሪደር ግድግዳ አልነበረውም» አለች ሶሊያና። «አንዱ አውሮፕላን ከላይ፣ ሌላው ከታች። ሳይተያዩ ይተላለፋሉ።»

«የእኔ ደግሞ ጣሪያ ብቻ ነበር» አለ ናሆም። «የተኛ ሰው ሌላ ምን ያያል? ስገፋቸው ‹ደረስን?› ይሉኛል። ‹ደርሰናል› እላቸዋለሁ።»

«ሳይደርሱም?»

«ሳንደርስም።»

ከበሯ ኋላ ስትስቅ ሰማ። በማግስቱ ናሆም ከመጀመሪያው ደወል በፊት ጢሙን ተላጨ። ከዚያ ወዲህ ሳይላጭ መስኮቱ ላይ ቆሞ አያውቅም።

የሚገርመው በሮቹ ሲከፈቱ ነው። ያ ሁሉ ጨዋታ የት እንደሚገባ እንጃ፤ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ «እንደምን አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ይተላለፋሉ። ሽቦው ከፊቱ ሲነሣ የናሆም አንደበት ይተሳሰራል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ብሌን አንድ ቀን ደረጃው ሥር አግኝታው «ጋሽ ናሆም፣ እስከ መቼ ነው በወንፊት የሚያወሩት?» አለችው። እሱም ያልሰማ መስሎ ስለ ዝናቡ አወራት። እንዲህ እንዲህ ሲሉ አራት ዓመት ሆናቸው።

በዚህ መካከል ቢፍቱ መጣች። ቢፍቱ የኮሪደሩ ጠባቂ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አረንጓዴ ካፖርትና ረጅም ቦቲ ታደርጋለች። በራቸውን አንኳኩታ ሁለቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻቸውና ጫማዋን እያየች ተናገረች። ከላይ የመጡት የደጋ አጋዘኖች አልገባ ብለዋል፤ ወንዶቹ ቀንዳቸው ግድግዳ እየነካባቸው ከደጅ ይመለሳሉ። ስለዚህ ኮሪደሩ ይሰፋል። የግራው ረድፍ ይፈርሳል።

«ግራው የትኛው ነው?» አለ ናሆም።

«ከላይ ሲመጡ፣ ጋሼ። እንደ እንስሳቱ።»

ከላይ ሲመጡ ግራው የሶሊያና ነው። በዚያ ረድፍ የቀረች ነዋሪ እሷ ብቻ ነበረች። ጫንጮ ቤት ተሰጥቷታል፤ መኪናው ቅዳሜ ይመጣል።

«አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አለች ሶሊያና። «ሻይ ትጠጫለሽ?»

ረቡዕ ዕለት የማእድ ቤት ዕቃዋ በሌላ መኪና ቀድሞ ተጫነ። ናሆም እስከ መኪናው ሣጥን ተሸከመላት። በሮቹ ክፍት ናቸው፣ ኮሪደሩ ላይ ነፍስ የለም፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ጉሮሮውን ጠረገ። ሶሊያና ዞር ብላ ጠበቀችው።

«ካርቶን ይበቃዎታል?» አለ።

«ይበቃኛል» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ድኩላዎቹ እንደ ወትሮው ገቡ፣ አለፉ። አንዷ ቀረች። ያቺ ጆሮዋ የተተለተለው ናት። ኮሪደሩ መካከል ቆመች፣ ዞረች፣ ሣሩን በእግሯ ጫረች፤ ከዚያ ወደ ናሆም በር ጠጋ ብላ ተኛች።

«ታመመች እንዴ?» አለች ሶሊያና በመስኮቷ።

«ምጥ ላይ ናት።»

«በምን አወቁ?»

«ስንቷን ነፍሰ ጡር ገፍቻለሁ። እንዲህ ሲተነፍሱ ማዋለጃ ክፍል የማልደርስበት ጊዜ ነበር።»

ግልገሏ ስትወጣ ሶሊያና በረጅሙ ተነፈሰች፤ ናሆም ደግሞ ሳያስበው «እልል» ሊል አፉን ከፍቶ በእጁ ያዘው። እናቲቱ ልጇን መላስ ጀመረች።

ወዲያው የቢፍቱ ድምፅ ከግድግዳው መነጋገሪያ መጣ፤ በጣም ዝቅ ብሎ። «ጋሼ፣ እማማ፣ ይሰማል? እናቲቱ በራሷ ጊዜ እስክትነሣ በሩ እንደተቆለፈ ይቆያል። ደንቡ ነው፤ አይቀየሙኝ።»

የኋላ መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ ናቸው፤ ያም ወገን የእንስሳቱ ነው። መውጫ የለም። ናሆም ወንበር ስቦ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ቀን አግኝቶ አያውቅም፤ ሽቦው እንዳለ ሆኖ ጊዜው የማያልቅ። ረፋዱ ላይ ተነሥቶ ቆመ።

«ወይዘሮ ሶሊያና።»

«አቤት።»

«የእኔ ረድፍ አይፈርስም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ባዶ ነው። ማለቴ፣ ጫንጮ ሩቅ ነው። ወደ እኔ ቢሻገሩስ?»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለ… ለሁልጊዜ።»

ሶሊያና ስትመልስ ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «አቶ ናሆም፣ አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ቆመን ስናወራ እንዲህ ያለ ነገር አልተነፈሱም። ትዝ ያልኩዎት ቤቴ ሲፈርስ ነው? አዝኖ ጥግ የሚሰጠኝ ሰው አልፈልግም። ጫንጮ የራሴ በር አለኝ።»

መስኮቷን ዘጋች።

ናሆም ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ማርታ በሕይወት ሳለች «አንተ ደግ ታስብና እንደ ክፉ ትናገረዋለህ» ትለው ነበር። አዝኖላት አልነበረም። ያሰበው ቅዳሜ ማታ ደወሉ ሲደወል ከሽቦው ማዶ ምን እንደሚያይ ነው። ይህንን ግን አልተናገረም፤ የተናገረው ስለ ባዶ ክፍል ነው። አልጋ የሚያከራይ ሰው መሰለ። ራሱን በመዳፉ መታ። ድኩላዋ በድምፁ ቀና አለች። «ይቅርታ፣ እናቴ» አላት።

ቀትር አለፈ። ከማዶ ኮሽታ የለም። መጀመሪያ ቁጣዋ ነው ብሎ ዝም አለ። በኋላ ግን ነገሩ አላማረውም።

«ወይዘሮ ሶሊያና?»

ቆይቶ መስኮቷ ተከፈተ። ግንባሯ በላብ ርሷል። «አቤት… አሁን… ጋደም ብዬ…» አለች። ቃሎቿ እየተጎተቱ ነበር። በሕይወቱ ስትንተባተብ ሰምቷት አያውቅም።

«ስኳርዎ ወርዷል! ምን ቀምሰዋል ዛሬ?»

«መድኃኒቴን ወስጃለሁ። ምግቡ… ማእድ ቤቱ ጫንጮ ሄዷል። ጠዋት ብሌን ዘንድ ልበላ ነበር…»

ናሆም የግድግዳውን መነጋገሪያ ቁልፍ ተጭኖ ቢፍቱን ጠራት። ቢፍቱ ነገሩን እንደሰማች ብዙ አልጠየቀችም። «የሰው ነፍስ ይቀድማል። መጥቼ አስነሣታለሁ፤ በሩም ይከፈታል።»

«አራስ አታስነሺ» አለች ሶሊያና ከማዶ። ድምፅዋ ደክሟል፤ ነገሩ ግን ትእዛዝ ነበር። «ከደነገጠች ልጇን ጥላ ትሄዳለች።»

«እማማ፣ ይህ ቀልድ አይደለም!»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለ ናሆም። «ትንሽ ብቻ። ካልሆነ ነይ።»

ዳቦ ቆረሰ፣ ማር ደፋበት። በፔርሙዝ የነበረውን ሻይ በብርጭቆ ቀድቶ ስኳር ጨመረበት፤ ደግሞ ጨመረበት። ሁለቱንም ትሪ ላይ አደረገ። የመወልወያውን እንጨት ከመጋረጃው ዘንግ ጋር በገመድ አሰረ። በየበሩ ግርጌ ዕቃ አድራሹ ማሽን የሚገባበት ክዳን አለ፤ ናሆም በደረቱ ተኝቶ ክዳኑን ከፈተና ትሪውን አወጣ። ከዚያ በላይ ምንም አይታየውም፤ የሚያየው የድኩላዋን ጀርባና የግልገሏን እርጥብ እግር ብቻ ነው። ትሪው በሁለቱ አጠገብ መሄድ ነበረበት።

«ከዚህ አይታየኝም» አለ። «እርስዎ ይምሩኝ።»

ከማዶ የሶሊያና ድምፅ መጣ፤ ሌላ ድምፅ፣ አብራሪዎቹ ሲሰሙት የኖሩት። በዚያ ሥራዋ ለማንም «እርስዎ» ብላ አታውቅም።

«እሰማሃለሁ። ቀስ ብለህ ግፋ።»

ገፋ።

«ወደ ቀኝ። ትንሽ። በቃ። ቀጥል።»

ትሪው ሣሩ ላይ ተንሸራተተ። ብርጭቆው ኳ አለ።

«ቁም። ቀና ብላለች። … ጠብቅ። … ጠብቅ።» ናሆም ጉንጩን አፈሩ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ያዘ። ድኩላዋ አሸተተች፤ ማሩ ሳይሸታት አልቀረም። ግልገሏ ጡት ፍለጋ ተንቀጠቀጠች፤ እናትየው ወደ እሷ ተመለሰች። «አሁን ቀጥል። ቀጥታ ነህ። … ቀጥታ። … ናሆም፣ እጅህ እየዛለ ነው።»

«ክንዴ ነው። አርጅቻለሁ።»

«ይታየኛል። ደርሰሃል ማለት ይቻላል። ግፋ።»

የበሯ ክዳን ሲከፈትና ትሪው ገብቶ ከወለሉ ጋር ሲጋጭ ሰማ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሰማው የማኘክ ድምፅ ነው፤ ከዚያ የሚጥም ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ቢፍቱ ከግድግዳው ውስጥ አፍንጫዋን ሳበች።

«ነፍስ ዘራሁ» አለች ሶሊያና በመጨረሻ። ቃሎቿ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር። «ናሆም።»

«አቤት።»

«ስኳሩን አበዛኸው።»

«ለወረደ ሰው መብዛት አለበት እንጂ፣ ሐኪሞቹም—»

«እየቀለድኩ ነው። ቅድም የጀመርከውን ጨርስ። ቤት ግን አታንሣብኝ።»

ናሆም ተነሣ። ከሸሚዙ አፈሩን አራገፈ፤ መስኮቱ ላይ ቆመ። ፊቷ ከሽቦው ኋላ ገርጥቷል፤ ከንፈሯ ላይ ማር አለ። ሊላት የፈለገው ብዙ ነበር፤ የመጣለት ግን ጥያቄ ነው።

«ጫንጮ ስንት ክፍል ነው የሰጡሽ?»

«አንድ።»

«ይበቃናል?»

ሶሊያና አየችው። «ያንተስ ቤት?»

«ይቅር።»

«የማርታ ቤት ነው።»

«ማርታ ግድግዳው ውስጥ አልቀረችም። እኔ በሄድኩበት ናት።»

«የተለቀቀ ቤት አይመለስም። ያውቃሉ… ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ። ልጄ ሐዋሳ ናት፤ ትቆጣኛለች፣ በኋላም ትስቃለች። እኔ ግን ቅዳሜ ማታ እዚህ ቆሜ ባዶ ማየት አልችልም። ቅድም ማለት የነበረብኝ ይህንን ነው።»

ሶሊያና ዐይኗን በሻሽዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። «እንግዲያው ሽማግሌ ላክ» አለች።

«እዚህ ተቆልፌ?»

«በሩ ሲከፈት ነዋ። መኪናው ቅዳሜ ነው፤ ነገ ደግሞ ዕቃ አሰራለሁ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድኩላዋ ተነሣች። ግልገሏ ሞከረች፣ ወደቀች፣ ሞከረች፤ በአራተኛው እግሮቿ ታዘዙላት። እናትና ልጅ ቀስ እያሉ ወደ ወንዙ ወጡ። በሮቹ ተከፈቱ። ቢፍቱ እየሮጠች መጥታ ሶሊያናን ከላይ እስከ ታች አየቻትና አቀፈቻት። ከዚያ ናሆም የቢፍቱን ክንድ ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ጋሼ፣ እኔ? ሽማግሌ?»

«ኮሪደሩ ላይ ካንቺ በላይ ሥልጣን ያለው ማን አለ?»

ሶሊያና እስከዚያው ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታለች። ቢፍቱ ካፖርቷን ቆለፈች፤ አንኳኳች።

«ማን ነው?»

«ቢፍቱ ነኝ። ማለቴ፣ ሽማግሌ።»

በሩ ተከፈተ። «ግቢ፣ ተቀመጪ።»

ቢፍቱ ልትቀመጥ ስትል ናሆም ከኋላ ጣቱን አወዛወዘ። «አልቀመጥም» አለች ቀጥ ብላ። «ጉዳይ አለኝ።»

«ምንድን ነው ጉዳይሽ?»

«ልጃችሁን… ለልጃችን… እንድትሰጡን ነው።»

«ልጃችሁ ማን ይባላል?»

«ጋሽ ናሆም።»

«ጠባዩስ?»

ቢፍቱ አሰበች። «ደንብ አክባሪ ነው። አንድ ቀን እንኳ ያለ ሰዓቱ በርዎን አንኳኩቶ አያውቅም።»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ» አለች ሶሊያና። «በይ፣ ዘመድ ማማከር አለብኝ። ሌላ ጊዜ ተመለሺ።»

ቢፍቱ ቅር አላት። ወደ ናሆም ዞረች።

«ወግ ነው» አላት በሹክሹክታ። «ሂጂና ተመለሺ።»

ቢፍቱ ሄደች። ግልገሏ የተወለደችበትን እርጥብ ሣር በቦቲዋ ላለመርገጥ ዞራ፣ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ደረሰች፤ እዚያ ትንሽ ቆመች፤ ከወንዙ በኩል የሚነፍሰው ንፋስ ካፖርቷን አወዛወዘው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብሌንና ልጆቿ በደረጃው አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። ቢፍቱ ተመለሰች። ናሆም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሸሚዙ ደረቱ ላይ አሁንም አፈር አለበት።

«ዘመድ ምን አለ?» አለች ቢፍቱ።

ሶሊያና ደፉ ላይ ወጣች። በመካከላቸው ሽቦ አልነበረም።

«አማከርኳቸው» አለች፤ ቢፍቱን ሳይሆን ናሆምን እያየች። «ተስማምተዋል። ብቻ ጫንጮ ብርድ ነው፤ ብርድ ልብሱን ይዞ ይምጣ ብለዋል።»

ናሆም ወደ ቤቱ ገባ፤ አልጋውን መፍታት ጀመረ።